የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ዓሣ ነባሪን መከታተል ለምን?

ይህ እትም በአሜሪካና በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚደረገውን የዓሣ ነባሪዎች ክትትል ይመረምራል። ራይት ዌል የተባለው የሰሜን አትላንቲክ ዝርያ ቁጥሩ ዛሬ ከ400 በታች ነው። «መከታተል ብቻውን አያድንም» የሚሉ ተቺዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ። በ2017 እ.ኤ.አ. የዚህ ዝርያ 17 ሬሳ ሲገኝ 12ቱ የተገኙት በካናዳ ውኃ ነበር። እንስሳቱ ምግባቸውን ተከትለው ወደ ሴንት ሎውረንስ ባሕረ ሰላጤ ሲገቡ፣ ከመርከብ ግጭት የሚጠብቃቸው ደንብ በቀድሞ መዋያቸው ብቻ ተወስኖ ቀርቶ ነበር። ይህ የሚያሳዝን ጥፋት በከፊል የመጣው የት እንዳሉ በጊዜው በበቂ ባለመታወቁ ነው።

ዛሬ በዚያው ሰላጤ አውሮፕላን ወይም ውኃ ውስጥ የተተከለ ድምፅ መቅረጫ አንድ ራይት ዌል እንኳ ካገኘ፣ እንስሳቱ በገመድ እንዳይጠላለፉ አካባቢው ለ15 ቀናት ከገመድ ማጥመጃ ነፃ ይሆናል። የሎብስተርና የሸርጣን አጥማጆች ኑሯችን ተነካ ማለታቸው ተገቢ ነው፤ ይሁንና ክትትሉ ቢቀር የሚተካው ሰፊውን ባሕር ለወራት በጅምላ መዝጋት ነው።