ከቸርኬው በፊት ፍሬኑ

ከኋላ የምትከፈት አሮጌ የናፍጣ መኪና ገዝቶ በግቢው የሚያድስ ወጣት ስናይ ደስ ይለናል፤ የተማረ እጅ ግራሶ ቢነካ ነውር የለውምና። ዳሩ ግን ሥራውን ከቸርኬና ከቀለም የሚጀምረውን አንደግፍም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 የወጣውን የናፍጣ ቮልስዋገን ጎልፍ እንመልከት። ሞተሩ 1.5 ሊትር፣ ኀይሉም 50 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግና የናፍጣውን ፓምፕ የሚያዞረው አንድ የጎማ ቺንጋ ነው፤ እርሱ የተበጠሰ እንደ ሆነ ፒስቶኑ ከቫልቮላው ጋር ይጋጫል፤ ሞተሩም ተፈትቶ መሠራቱ አይቀርም። ታዲያ ዕድሜው ያልታወቀ ቺንጋ ሳይለወጥ ቱርቦ መጨመር ምን ይባላል? ጉልበት የሚጨምር ሰው አስቀድሞ ፍሬኑን ያጠንክር፤ መንገድ ለሚሻገር ሕፃን የቸርኬው ማማር ምኑም አይደለም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባትም ይቅር፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግበት።