«ዋጋ አትጥልም» አትበሉኝ

የዘመናችን አጭሩ ጸሎት የትኛው እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? «ሽጠው!» የሚለው ነው። ቤት ያለው «ሽጠው» ይባላል፤ መሬት ያለው «ሽጠው» ይባላል፤ አሮጌ ቮልስዋገን ያለው ሰው ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ይባላል። የሚሸጥ ነገር የሌለን እንደ እኔ ያለን ሰዎች እንኳ ይህን ምክር ለመለገስ አንሰንፍም። እኔ ግን ዛሬ ለማይሸጠው ሰው ጥብቅና ልቆም ተነሥቻለሁ። የምከላከልለትም ከሁለት ወገን ነው፤ «ሽጠው» ከሚሉት ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆን፣ «ቅርስ ነውና እንዳትነካው» ከሚሉት የናፍቆት ምርኮኞችም ጭምር።

አስቀድሜ ማንነቴን ልናገር። በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ቀን ቁጥር ስደምር እውላለሁ፣ ማታ ማታ ስንኝ ስቋጥር አመሻለሁ። የምኖረው ከባሕር ዳር ጥግ፣ በሰባታሚት ነው። መኪና የለኝም። በባጃጅ እሳፈራለሁ፤ ሲያሻኝም እንደ ከተማዬ ልማድ ብስክሌት እነዳለሁ። ስለዚህ ሙግቴ ስለ ንብረቴ አይደለም። ሙግቴ ስለ አንድ ቃል ነው፤ ታማኝነት ስለሚባለው ቃል። ይህ ቃል በየአደባባዩ ሲረክስ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንድን የመኪና ዓይነት ዕድሜ ልኩን የያዘ ሰው ለምን እንደ ያዘው ሲጠየቅ፣ በአገራችን ዘወትር የሚሰማው መልስ «ቮልስ እኮ ዋጋ አትጥልም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አትጥልም። በሌላው ዓለም መኪና ከፋብሪካ ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ዋጋው ቁልቁል ይወርዳል። በእኛ አገር ግን መኪና የቁጠባ ደብተር ከሆነ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከነጭራሹ እንዳይገቡ ከለከለ። የማይተካ ዕቃ ይወደዳል፤ ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

እንግዲህ እጠይቃለሁ፤ ይህን አስልቶ አሮጌ መኪናውን የያዘ ሰው ታማኝ ነውን? በእኔ ሙያ ቋንቋ ይህ ሰው አስቀማጭ ይባላል። አስቀማጭ መሆን ነውር አይደለም፤ እንጀራዬንም የምበላው በአስቀማጮች ነው። ነገር ግን አስቀማጭን ታማኝ ብለን ከጠራነው፣ ታማኙን በምን ስም ልንጠራው ነው? ዋጋዋ ቢወድቅ በማግሥቱ የሚሸጣት ሰው ከዋጋዋ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር አልኖረም። ትዳሩንም፣ አገሩንም፣ ወዳጁንም በዚሁ ሚዛን የሚመዝን ትውልድ እያፈራን ስለ ታማኝነት የምንጽፈው ግጥም ባዶ ጩኸት ነው።

በሰባታሚት አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቮልሳቸውን የገዙት በ1974 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለውጧል፣ ብሩ ተለውጧል፣ እርሳቸው ግን መኪና አልለወጡም። ደላላ በሳምንት አንዴ በራቸውን ያንኳኳል፤ ልጆቻቸውም ከባሕር ማዶ እየደወሉ «አባዬ፣ ሽጣትና ዕረፍ» ይሏቸዋል። እኔም አንድ ቀን እንደ ባንክ ሠራተኛነቴ «ጋሼ፣ ለምን አይሸጧትም?» አልኳቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «እሺ ልሽጣትና ሌላ ልግዛ። የአዲሱን ድምፅ ለመልመድ ዕድሜ ከየት አመጣለሁ?»

ይህን መልስ ቀልድ ብሎ ያለፈ ሰው ቮልስን አያውቃትም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየርና በዘይት ነው። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ዲናሞውንም ያዞራል። ስለዚህ የዲናሞው ቀይ መብራት ቦግ ሲል «ባትሪው ነው፣ ቤቴ ልግባና አየዋለሁ» ብሎ መንዳት አይቻልም። ቺንጊያው ተበጥሶ ከሆነ ሞተሩ ትንፋሽ አጥቷልና እዚያው መቆም ያሻል። ጋሼ ከትርፍ ቺንጊያ ተለይተው አያውቁም። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ትንሽ ስለ ሆነ ቶሎ ይጠቁራል፣ በወቅቱ መቀየርም አለበት። ቫልቩ የሚስተካከለው ሞተሩ ጨርሶ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ስለዚህ እርሳቸው ለዚህ ሥራ ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ። ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያይዙት ዋና ብሎኖች አራት ናቸው፤ ፈትተው ሲያወርዱት አይቻለሁ። ዕቃ ሲጠፋም ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶው ሶማሌ ተራ ያስመጣሉ፤ የማይገኘውን በላሜራ ያስቀጠቅጣሉ።

ታማኝነት ይህ ነው ወዳጆቼ! ታማኝነት እውቀት ነው። የምትወደውን ነገር የደኅናውንና የሕመሙን ድምፅ መለየት ነው። ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቺንጊያ በተበጠሰ ቀን ያልቅ ነበር። ደግሞም ልብ በሉ፤ ይህች በገበያ የምትፈለግ መኪና ለብድር መያዣ ትሁን ቢባል፣ አስቀድሞ የምትጠየቀው ዕድሜዋን ነው። ገበያው ያከብራታል፣ ወረቀቱ ይንቃታል። ጋሼን ግን አክብሮቱም ንቀቱም አላነቃነቃቸውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልዙር። እነዚህ ሽጡ አይሉም፤ የሚሉት «ቅርስ ናት» ነው። አንዱ በሸራ ሸፍኖ ግቢው ውስጥ ያቆማታል፤ ጎማዋ መሬት ውስጥ እስኪሰምጥ አትነካም። ሌላው በወርቅማ ቀለም ለቅልቆ ለሰርግ ያከራያታል። ሦስተኛው፣ ይህን ስናገር የሙያ ጓዶቼን እንደማስቀይም አውቃለሁ፣ ግጥም ይጽፍላታል። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ክቡ መብራቷ በእንባ ይገጥማል፤ ዘይቷ በየት እንደሚገባ ግን አያውቅም። ይህ ሰው ታማኝ ነውን? አይደለም። ይህ ሰው ናፋቂ ነው። ናፍቆት የሚወደው የሄደውን ነው፤ ታማኝነት የሚወደው ያለውን ነው። ናፋቂው እንዲያውም ነገሩ ቢሞትለት ይመርጣል፤ ያልሞተ ነገር ሙሾ አይወጣለትምና።

በመጽሐፍስ ቢሆን እንዲሁ አይደለንምን? በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በየመድረኩ የሚያወድስ ስንት ሰው አለ! ከእነዚህ ውስጥ ባለፉት አሥር ዓመታት ገጹን የገለጠው ስንቱ ነው? መጽሐፍን መውደድ ማለት ደጋግሞ ማንበብ ነው፤ ጥራዙ ሲላላ መስፋት ነው። በመስታወት ቁም ሣጥን ቆልፎ ለእንግዳ ማሳየት ግን እንደ ሸራው ሥር መኪና ነው።

ቅርስ ማለት አለመንካት ነው የሚሉኝን ሰዎች ወደ ጣና ዳር ልውሰዳቸው። በሐይቃችን ላይ ከደንገል የምትሠራው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ መልኳ ያው ነው። ይሁንና አንዲት ታንኳ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ይበሰብሳልም። ባለሙያው፣ በተለይም የነገደ ወይጦ ሰው፣ ያን ጊዜ ሙሾ አያወርድም። አዲስ ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ያስራል፤ ያችኑ ታንኳ እንደገና ይወልዳታል። ዕቃው አልፏል፣ ቅርጹ ግን አላለፈም። ለአንድ ዓይነት ታማኝ መሆን ማለት እንዲህ ነው። የጋሼ ቮልስም ቢሆን ቁራሽ በቁራሽ ተለውጣለች፤ ጎማዋ፣ ካርቡሬተሯ፣ የበሯ ላሜራ በ1974 ዓ.ም. የነበረው አይደለም። ያልተለወጠው ቅርጿና የሚይዛት እጅ ነው። እጁ ከሌለ ቅርጹ ብቻውን ብረት ነው።

ከዚህ የከበደ ክርክርም ይቀርብልኛል። «የምታወድሳት መኪና የሂትለር ልጅ አይደለችምን?» ይሉኛል። አዎን፣ ትውልዷ የከፋ ነው። የናዚ መንግሥት በፈርዲናንድ ፖርሽ አስነድፎ፣ ለሕዝብ በ990 ማርክ እሰጣለሁ ብሎ በየሳምንቱ 5 ማርክ አስቆጠበ። ከ330 ሺሕ በላይ ጀርመኖች ቴምብር እየለጠፉ ቆጠቡ። በዚያ ቁጠባ መኪናውን የተረከበ አንድም ሰው አልነበረም! ፋብሪካው ለጦርነት ዋለ፤ ወደ 20 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎችም በግዳጅ ሠሩበት። የባንክ ሠራተኛ ነኝና፣ ከቆጣቢ ላይ የተፈጸመ እንዲህ ያለ ክህደት ሳነብ ደሜ ይፈላል። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካውን ያስነሣው የእንግሊዝ ጦር ሲሆን፣ ሥራውን የመራውም ሜጀር አይቫን ኸርስት ነበር።

በእኛም አገር ታሪክ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ወሳጆቹ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ታማኝነትን የማሉ የጦር ሰዎች ነበሩ። አብዮቱን የሚደግፍም የሚነቅፍም በአንድ ነገር ይስማማ፤ መኪናዋ ምንም አልማለችም። ዕቃ ታማኝም ከዳተኛም አይሆንም። ታማኝ ወይም ከዳተኛ የሚሆነው መሪውን የጨበጠው ሰው ነው።

ስለዚህ የጋሼ ታማኝነት ለፋብሪካው አይደለም። ፋብሪካውማ ከተዋት ሰንብቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 በብዛት የፎርድን ሞዴል ቲ በልጣ የዓለም ቀዳሚ የሆነችው ያች መኪና፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ የመጨረሻዋ ተሠርታ 21,529,464 ላይ ቆመች። ዓለም የሚሰግድለት የፖርሽ ስፖርት መኪና እንኳ እ.ኤ.አ. በ1948 «356» ተብሎ ሲጀመር ከቮልስ ዕቃዎች የተገጣጠመ ነበር። የልጅ ልጆቹ ሚሊዮነሮች ያሳድዱታል፤ አያቲቱን ግን የሚያኖራት እንደ ጋሼ ያለ ጡረተኛ ነው። ሠሪው ከተዋት በኋላ የሚጠብቃት እርሱ ነውና፣ ከሠሪው ይልቅ እርሱ ባለቤቷ ነው።

«ጭሷስ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልሸሸውም። አሮጌ ሞተር ከአዲስ የባሰ ያጨሳል፤ አደጋ ቢደርስም እንደ ዘመኑ መኪና ተሳፋሪውን አይከላከልም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ የኤሌክትሪኩን መኪና እመርጣለሁ። በአዲስ አበባ ጎዳና ከቻይና የመጡት የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪናዎች ሲርመሰመሱ ሳይም አልከፋም። ነገር ግን ገበያና ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የምትመለስን አንዲት መኪና ባለቤቷ ካርቡሬተሯን እያስተካከለ ቢያኖራት የአገሩ አየር በእርሱ አይበላሽም። እኔንስ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ለባትሪው ስምንት ዓመት ገደማ ዋስትና የተሰጠውን አዲሱን መኪና ዘጠነኛው ዓመት ላይ ማን ይጠግነዋል? ወይስ ያን ጊዜም የምናውቀው «ሽጠው» የሚለውን ቃል ብቻ ነው? የመጠገን ልማድ ያልወረሰ ትውልድ ኤሌክትሪክም ቢሰጡት፣ ወርቅም ቢሰጡት ጥሎ ያልፋል።

እናንተ ነጋዴዎች፣ የሰውን በር ማንኳኳት ተዉ። እናንተ ናፋቂዎችም ሸራውን ግለጡ፤ ዘይቱን ቀይሩ፣ ሞተሩን አስነሡ፣ ካልቻላችሁም ለሚችል ስጡ። እኛ ገጣሚ ነን ባዮች ደግሞ ስለምንገጥምለት ነገር ቢያንስ የአንድ ብሎኑን ስም እንወቅ። ይህን ካልሁ በኋላ እንደ ልማዴ በስንኝ ልሰናበት።

ዋጋዋን ንገረኝ አትበለኝ ወዳጄ፣
ብር ሲቆጥር ውሎ ደክሞብኛል እጄ።
ዘይቷን ማን ቀየረ? ቺንጊያ ማን ያዘ?
ያ ነው ከወዳጁ አብሮ የተጓዘ።
ለሚሸጥ ሰው ሁሉ ዓለም ሁሉ ዋጋ፣
ለጠጋኙ ግና ሥራ አለ ሲነጋ።