ከሩጫው ይልቅ ገበታው፦ የአካል ብቃት እንቅስቃሴና የመውለድ አቅም

የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የመውለድ አቅምን ያግዛል ወይስ ይጎዳል? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ልጅ ፈልገው ላጡ ጥንዶች አንዱ አማካሪ ስፖርት ጀምሩ ይላል፤ ሌላው ሴቲቱን ሩጫ አቁሚ ይላታል። ሁለቱም የሚመለከቱት የእንቅስቃሴውን መጠን ብቻ ነው። እንቅስቃሴው የወሰደውን ከወሰደ በኋላ ለቀሪው የሰውነት ሥራ የሚተርፍ ምግብ መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አን ላውክስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ሁለቱን ነገሮች ለይቶ አሳይቷል። ሴቶቹ ከባድ እንቅስቃሴ እየሠሩም ያወጡትን ኃይል የሚተካ ምግብ ሲያገኙ፣ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያዘው ኤልኤች የተባለው ሆርሞን ምቱን ጠብቆ ቆየ፤ ምግቡ ሲጓደል ግን ምቱ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ተከታይ ሥራ መጠኑንም አመለከተ። ከእንቅስቃሴ የሚተርፈው ኃይል፣ ከስብ ነፃ ለሆነ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት፣ በቀን ከ30 ኪሎ ካሎሪ በታች ሲወርድ በ5 ቀናት ውስጥ የሆርሞኑ ሥርዓት ተናጋ። ቁጥሩ ለሁሉም ሴት እኩል የሚሠራ ድንበር ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ አንጎል ኃይል ሲያጥረው ቀድሞ የሚያዘገየው መራባትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመውና በዴንማርክ 3,628 ሴቶችን የተከታተለው ጥናትም በዚህ ዓይን ሲነበብ ግራ አያጋባም። ከባድ እንቅስቃሴ የማርገዣ ጊዜን ከማራዘም ጋር ተያይዞ የታየው ከመጠን ያለፈ ክብደት በሌላቸው ሴቶች ላይ ነበር፤ መካከለኛ እንቅስቃሴ ግን በሁሉም ዘንድ ጥቂት አግዟል። በአንጻሩ ክብደት መቀነስን ብቻ እንደ ፈውስ ማየትም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የአሜሪካ ሙከራ ከመካንነት ሕክምና በፊት ክብደት እንዲቀንሱ የተደረጉት ሴቶች፣ እንቅስቃሴ ብቻ ከሠሩት የበለጠ ጤናማ ልጅ እንዳልወለዱ አሳይቷል።

የወንዶቹ ጉዳይ ይበልጥ ችላ የተባለ ነው። ልጅ ሲጠፋ ምርመራው ከሴቷ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ይቀራል። መጠነኛ እንቅስቃሴ ለወንዱም ይበጃል፤ ያለ በቂ ዕረፍትና ምግብ ለዓመታት የሚሠራ የረጅም ርቀት ልምምድ ግን ቴስቶስትሮንን ሊቀንስ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰደው ሰው ሠራሽ ሆርሞን ነው። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል ለዘር ፍሬዎች የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፤ የዘር ምርት ይወድቃል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። በጂም መስተዋት ፊት የወንድነት ምሳሌ መስሎ የሚታየው ሰው የዘር ናሙናው ባዶ ሊሆን ይችላል። ዘር ተመርቶ ለመብሰል ከ2 ወር በላይ ስለሚፈጅ፣ መርፌውን ያቆመ ሰው ለውጡን በሳምንታት ውስጥ መጠበቅ የለበትም።

ወደ ኢትዮጵያ ሩጫ ሲመጣ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ወልዳ በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቷ፣ ሩጫ በራሱ የእናትነት ጠላት አለመሆኑን ያስታውሳል። በመሆኑም የወር አበባ መቋረጥን የጥሩ ልምምድ ምልክት አድርጎ የሚቆጥር አሰልጣኝ ተሳስቷል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2014 ጀምሮ እንዲህ ያለውን የኃይል ጉድለት አጥንትንና ልብን ጭምር የሚነካ የጤና ችግር አድርጎ ይመለከተዋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ እንክብሉ የሚያመጣው ደም ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አይሞላም። ወንድ አሰልጣኝ ስለ ወር አበባ መጠየቅ የሚያሳፍረው ከሆነ፣ ጥያቄውን የምታነሳ ሴት ባለሙያ በካምፑ ልትመደብ ይገባል።

የአገር ውስጥ ተመራማሪ ከሌላው በተሻለ ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄም አለ። ማለዳ ሮጠው እስከ ከሰዓት በኋላ ምግብ የማይቀምሱ ሯጮች በ55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት ምን ይደርስባቸዋል? ያንኑ ቡድን በጾሙ ወቅትና ከፋሲካ በኋላ ባሉት የፍስክ ሳምንታት መከታተል፣ የሚበሉትን መመዝገብ፣ ሆርሞናቸውንም መለካት ይቻላል። ልምምዱ እንዳለ ሆኖ የሚለዋወጠው ገበታው ስለሆነ፣ የላውክስን ሙከራ የቀን መቁጠሪያው ራሱ በየዓመቱ ይደግመዋል።