«ተሳክቷል» ያለው ማነው?

ባልደረባዬ የሙከራ ስልኩን ይዛ፣ ሆን ብላ የማይሠራ የካርድ ቁጥር አስገባችና «ክፈል» የሚለውን ነካች። ካርዱ ውድቅ ሆነ። ስክሪኑ ግን «ክፍያዎ ተሳክቷል» አላት። ደገመችው። አሁንም ተሳክቷል። ኮዱን ገለባበጥን፤ ጤነኛ ነው። የሰርቨሩን መዝገብ አየን፤ የላከው ትክክለኛውን መልስ ነው። ግማሽ ቀን ፈጅተን ጥፋቱን ያገኘነው ማንም ዞር ብሎ በማያየው ቦታ ነው፦ ቢልድ በተደረገ ቁጥር የትርጉም ፋይሎቻችንን በሚዘረጋው የግራድል ፕለጊን ውስጥ።

የፕለጊኑ ሥራ ሲታይ ቀላል ነው። ተርጓሚዎቻችን የሚጽፉት በጄሰን ነው፤ ቁልፍ በቁልፍ ውስጥ፣ ሙዳይ በሙዳይ ውስጥ እንደሚቀመጠው። «ክፍያ» የሚል አለ፤ እሱን ስትከፍቱት «ውጤት» ይገኛል። ጃቫ የሚያነበው የፕሮፐርቲስ ፋይል ግን እንዲህ ያለ ጓዳ የለውም፤ አንድ መስመር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ፕለጊኑ የተደራረበውን እንደ ሰሌን ይዘረጋና በየደረጃው መሀል ነጥብ እያስገባ «ክፍያ.ውጤት» የሚል አንድ ረጅም ቁልፍ ይሠራል። አስፈላጊ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ጠባችን የሚጀምረው ከነጥቧ ነው። በጄሰን ደንብ ማንኛውም ሐረግ ቁልፍ መሆን ይችላል፤ ነጥብ ያለበትም ጭምር። የእኛ ፋይል ውስጥ ከድሮው የቀረ፣ ራሱ ነጥብ ያለበት «ክፍያ.ውጤት» የሚል ቁልፍ ነበር፤ ጽሑፉም «ክፍያዎ ተሳክቷል» ይላል። ከታች ደግሞ በአዲሱ አሠራር «ክፍያ» ውስጥ የተቀመጠ «ውጤት» አለ፤ እሱ የሚለው «ክፍያዎ አልተሳካም» ነው። ሁለቱ ሲዘረጉ ስማቸው አንድ ሆነ። አንዱ ሌላውን ዋጠው። የቢልዱ መስኮት ምን አለ? «ተሳክቷል» አለ፤ በአረንጓዴ።

እንግዲህ ይህን ዕቃ ሠርታችሁ ለሕዝብ ያቀረባችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም፣ ግን ልጠይቃችሁ። ሁለት ቁልፎች አንድ ስም ሲይዙ ፕለጊኑ ምን እንዲያደርግ ነበር ያሰባችሁት? አስባችሁበታል? ካሰባችሁ የት ጻፋችሁት? ካላሰባችሁ፣ በመግለጫችሁ ላይ መረጃው አንዳች ሳይጎድል ይተላለፋል ያላችሁት በምን ለክታችሁ ነው? ፋይሉን ዘርግታችሁ፣ መልሳችሁ አጥፋችሁ፣ ከመጀመሪያው ጋር አስተያይታችሁታል? አንድ ጊዜ እንኳ?

ከሁለቱ የትኛው ይተርፋል የሚለውስ? መጨረሻ የተነበበው ነው ትሉኝ ይሆናል። መጨረሻ የሚነበበው የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የጄሰን ደንብ፣ አር ኤፍ ሲ 8259፣ አንድ ኦብጀክት ውስጥ ያሉ ቁልፎች ቅደም ተከተል የላቸውም ይላል። ዛሬ ያሸነፈው ነገ የፋይል አንባቢው ሲቀየር ሊሸነፍ ይችላል ማለት ነው። የደንበኛ ገንዘብ ገባ ወይስ አልገባም የሚለው መልእክት በዕጣ ይወጣል?

ችግሩ አዲስ ነው የሚል ካለ ደግሞ አዲስ አይደለም። መፍትሔው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ በአደባባይ ተቀምጧል፤ አር ኤፍ ሲ 6901 ይባላል፣ ጄሰን ፖይንተር። እዚያ ደረጃን የሚለየው እዝባር ነው። ቁልፉ ራሱ እዝባር ካለበት ደግሞ በ~1 ይተካል፤ ~ ካለበት በ~0። አለቀ። ሁለት ምትክ ምልክቶች ናቸው፤ ስም ከስም የሚጋጭበት ቀዳዳ ተደፈነ። ነጥቡን የመረጣችሁት የጃቫ ቁልፎች ልማድ ስለሆነ ነው እንበል፤ ይሁን። ምትክ ምልክት መጨመሩን ምን ከለከላችሁ? እሱም ቢቀር፣ ቁልፍ ሲደገም ቢልዱን አቁሞ የሚጮህ አንድ መስመር መጻፍ ይህን ያህል ይከብዳል?

ዝርዝሮችን እናንሳ። የሦስት ከተሞች ዝርዝር ሲዘረጋ «ከተሞች.0»፣ «ከተሞች.1»፣ «ከተሞች.2» ይሆናል። መልሶ የሚያጥፈው ሰው ይህ ዝርዝር ነበር ወይስ ቁልፎቹ ቁጥር የሆኑ ኦብጀክት፣ በምን ይለያል? ባዶ ዝርዝርስ? ውስጡ ምንም እሴት ስለሌለው መስመር አይወጣለትም፤ ከነስሙ ይጠፋል። «አለ፣ ግን ባዶ ነው» እና «ጭራሽ የለም» አንድ ናቸው ያላችሁ ማነው? ለነገሩ አንት የሚባለው አንጋፋ መሣሪያም ኤክስኤምኤልን በነጥብ ይዘረጋል፤ ተመሳሳይ ስም ሲደጋገምበት እሴቶቹን በኮማ ያያይዛቸዋል። የሚያምር ዘዴ ነው አልልም። ግን ሁለቱንም ያቆያል፤ እንደዚያ እንደሚያደርግም በመመሪያው ተጽፏል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ያንገበግበኛል። ጃቫ የፕሮፐርቲስ ፋይልን ለረጅም ዘመን ሲያነብ የኖረው ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተሠራው በላቲን 1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጃቫ 9 የትርጉም ጥቅሎችን በዩቲኤፍ 8 ማንበብ ጀመረ፤ ሆኖም ፋይሉን በባይት ዥረት የሚጭነው የድሮው መንገድ ዛሬም የሚያነበው በላቲን 1 ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ «ሰላም» ብላችሁ ሦስት ፊደል ትጽፋላችሁ፣ ዘጠኝ ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣላችኋል። ፕለጊኑ የሚጽፈው በየትኛው ነው? መቼት አለው? የለውም። ኮምፒውተሩ የተዋቀረበትን ይከተላል። የእኔ ላፕቶፕ ላይ አማርኛ፣ ቢልድ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ዝባዝንኬ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የሚዘረጋው ፋይል ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ሊይዝ እንደሚችል አልታያችሁም? የትርጉም ፋይል ሌላ ምን ሊይዝ ኖሯል?

የውጪዎቹን ብቻ ይዤ የቤታችንን ብተው ግን አድልዎ ይሆናል። ይህን ፕለጊን መርምሮ «ይግባ» ያለ ሰው በእኛ ዘንድ አለ። ምኑን መረመረው? ለስንት ፋይል ሞከረው? ሙከራው ውስጥ ነጥብ ያለበት ቁልፍ ነበር? አማርኛ ነበር? ይህን በስብሰባ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ብዙ ሰው ይጠቀምበታል» የሚል ነው። የጠየቅሁት ስለ ብዛት ነበር? በእጅ እንገለብጥ የነበረውን ለማሽን የሰጠነው ስህተት ይቀንሳል ተብለን ነው። በእጅ ስንሠራ ሁለት ተመሳሳይ ቁልፍ ያየ ሰው «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ማሽኑ አይጠይቅም። ከእጅ አይሻል ዶማ ከሆነ ለምን ተሸከምነው?

ለሠሪዎቹ ከነማስረጃው ጽፈናል፦ ግብዓቱን፣ ውጤቱን፣ የጠፋውን መስመር። ለእኛ ኃላፊዎችም እንዲሁ። ከአንዱም ወገን መልስ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በየቢልዳችሁ ውስጥ ፋይል የሚዘረጋ ነገር ካለ፣ ዛሬ አንድ ነገር አድርጉ። ከመዘርጋቱ በፊት ያሉትን እሴቶች ቁጠሩ፤ ከተዘረጋም በኋላ መስመሮቹን ቁጠሩ። እኛ ዘንድ የገቡት 412፣ የወጡት 409 ነበሩ።