ሌሊት የኛ፣ ቀን የማንም

ዛሬ ስለ ውሻ እናውራ። «አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ስለ ውሻ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ።

አቀስታ ላይ ውሻ ልጅ ነከሰ እንበል። ሰው ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ውሻ ነው?» የሚል ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ዝም ይላል። «እንጃ፣ እዚህ አካባቢ ሲዞር ነው የማየው» ይላል አንዱ። «የኔ እንኳ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ፍርፋሪ እጥልለታለሁ እንጂ» ትላለች ሌላዋ። ያው ውሻ ትናንት ሌሊት ጅብ ከበረት ሲያባርር ግን ባለቤት ነበረው። ጠዋት ቡና ላይ «የኛ ውሻ ባይኖር በጎቻችን አልቀው ነበር» ተብሎለታል።

ችግራችን እዚህ ላይ ነው። ውሻው ሌሊት የኛ ነው፣ ቀን የማንም አይደለም።

«ምን አገባት ውሻ ከእርሻ» ይባላል። ለጋምቦን ለሚያውቅ ግን ተረቱ አይሠራም። ደጋ ነው፤ ገብሱ ሲከዳ የሚሸጠው በግ ነው። በጉን በዚያ ብርድ ሲጠብቅ የሚያድረው ደግሞ ውሻ ነው። በምላሹ የምንሰጠው ምንድን ነው? ከተረፈ ፍርፋሪ፣ ካልተረፈ ድንጋይ። ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎ ጆሮው የሚቆረጥ አለ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ታስሮ ውሃ ሳያይ የሚውል አለ። ቡችላዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ሜዳ ላይ ትጣላለች፤ ከተረፈች እዚያው ትወልዳለች። «ባለቤት የሌለው ውሻ በዛ» እያልን የምናማርረው እኛው የጣልነውን ነው።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው። ከሟቾቹ ከአሥሩ አራቱ ያህል ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ከብት የሚጠብቀው፣ ውሃ ለመቅዳት የሚላከው፣ በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ የውሻ ነገር የሰው ነገር ነው።

«ታዲያ መርዝ ይበተንና ይጽዱ» የሚል መልስ ሁሌም አለ። ከርኅራኄው በፊት እስቲ ጥቅሙን እንመዝነው። መርዝ የታመመውን መርጦ አይገድልም። መጀመሪያ የሚሞተው ሰው አምኖ ከእጅ የሚበላው፣ ምናልባትም የተከተበው ውሻ ነው። ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም አብሮ ይሞታል። ባዶ በቀረው ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጣና አዲስ የተወለደ ውሻ ይገባበታል፤ ያውም ያልተከተበ። በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ከሰፈራችን ያልፋል። ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለው በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ በደንቆሮ ጫካ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፤ በጠቅላላው የቀረው 500 ገደማ ነው። ትልቁ ጠላቱ ጥይት ሳይሆን ከውሻ የሚይዘው በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በአንድ ሸለቆ ብቻ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨርሷል። እረኛን ተከትሎ ወደ ደጋው የወጣ አንድ ያልተከተበ ውሻ ይህን ማድረግ ይችላል።

«የኔ አይደለም» ማለትም እንደምናስበው አያስመልጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ከእጁ ድንገት ያመለጠ ቢሆን እንኳ። ከሕጉ በፊትም ሃይማኖቱ አለ። ውሻ ነጃሳ ነው ብሎ ልብሱን የሚጠብቅ ሙስሊም፣ ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱንም ከሐዲሱ ሰምቷል። ክርስቲያኑም የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች መሆናቸውን ከወንጌል ያውቃል። ራስን ከምራቁ መጠበቅ ሌላ፣ እንስሳውን ማሰቃየት ሌላ ነው።

ምን እናድርግ? እኛ ወሎዬዎች ቅሬ አለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ቀባሪ የሚያዝ፣ የቀረውን የሚቀጣ ቅሬ፣ የአባላቱን ውሾች መመዝገብ አያቅተውም። በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ውሻውን በገመድ ይዞ ይውጣ። መስከረም 18 የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ በዓለም ይታሰባል፤ የመስቀል ማግስት ስለሆነ ለማስታወስም አይከብድም። የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ምልክት ይሰርለት። ለበጎቹ ክትባት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲመጣም በጎቹን ብቻ ሳይሆን ጠባቂያቸውንም እናቅርብ።

መንግሥትም ድርሻ አለው። ሰው ውሻውን ጎትቶ ሄዶ «ክትባት የለም» ከተባለ ጥፋቱ የባለቤቱ አይደለም። መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ክትባት ቀድሞ ወረዳ ላይ መድረስ አለበት፤ የውሻውም፣ የተነከሰው ሰውም።

እስከዚያው ይህን ለቤተሰባችሁ ንገሩ፦ ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱ። ጸበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፤ ግን መርፌው አይዘግይ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁም አትናቁት፤ በሽታው ለሳምንታትና ለወራት ተደብቆ ይቆያል።

ዛሬ ማታ ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው ውሻ የማን ነው? የእናንተ ከሆነ ነገ ጠዋትም የእናንተ ይሁን።