ፍሬያማው ወቅት ሳይባክን

ሥራ የሀብት ሁሉ ምንጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሥራ ሰዓት ሁሉ እኩል ፍሬ አይሰጥም። በግለሰብም ሆነ በማኅበር ሕይወት ውስጥ እጅና አእምሮ የሚቀናጁበት፣ አንዱ ሐሳብ ሌላውን የሚወልድበት፣ በሌላ ጊዜ ዓመት የሚፈጀው ተግባር በጥቂት ሳምንታት የሚጠናቀቅበት ወቅት አለ። ይህን ወቅት አንዳንዶች ከሰማይ የሚወርድ ጸጋ፣ ሌሎች ደግሞ የጥቂት ባለ ተሰጥኦዎች ዕጣ አድርገው ይመለከቱታል። ሁለቱም አመለካከቶች ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ እንዲጠብቅ ከማድረግ በቀር የሚያስገኙት ውጤት የለም። ፍሬያማው ወቅት የሚመጣው ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ ነው፤ ሁኔታዎቹ ሲበተኑም ተመልሶ ይሄዳል።

ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቢኖር የስሜን ተራሮች ግርጌ ገበሬ ነው። በዳባትና በደባርቅ ደጋማ ማሳዎች ላይ ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ገብሱ ከደረሰ በኋላ ከውርጩ፣ ከወፉና ከጊዜው ውጪ ከሚጥለው ዝናብ ተርፎ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። «ፀሐይ ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ» የሚለው ብሂል ለዚህ ገበሬ ጌጠኛ አነጋገር ሳይሆን የሥራ መመሪያው ነው። በደቦና በወንፈል ተሰባስቦ የአንዱን ማሳ ዛሬ፣ የሌላውን ነገ ያነሣል።

በደቦው ቀን የሚታየው የአጫጆቹ ረድፍና ሆታው ነው። የማይታየው የቀደመው ሳምንት ሥራ ነው። ማጭዱ አስቀድሞ ተስሏል፤ አውድማው በእበት ተለቅልቋል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ የማን ማሳ እንደሚቀድም በስምምነት ተወስኗል። የደቦውን ቀን ማጭድ ሲፈልግ የሚያረፍድ ሰው የባከነበት የራሱ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የሃያና የሠላሳ ጎረቤቱን ጉልበት አብሮ አባክኗል። አዝመራው ከታጨደ በኋላ የሚከምረው፣ የሚያበራየውና ለዘር የሚሆነውን ለይቶ የሚያስቀምጠው ካልተገኘም የደቦው ትጋት ለአይጥና ለምስጥ ቀለብ ይሆናል። ስለ ፍሬያማ ወቅት አያያዝ ማለት የምንሻው በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ወቅቱ ከመድረሱ በፊት ያለው ዝግጅትና ካለፈ በኋላ ያለው ጥበቃ የወቅቱን ያህል ይመዝናሉ።

ከቅርብ ታሪካችን ለዚህ ጉዳይ የጎላ ምሳሌ የሚሆነን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በከተሞች በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ ገጠሩ ዘልቋል፤ ቋንቋዎቹም ቆይተው 15 ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት ለአገሪቱ አስገኝቷል። ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ? ከመፈክር ብቻ አልመጣም። በክረምት ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ተማሪውና መምህሩ ሥራ አልነበረውም። በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚያውቅና የሚመዘግብ ማኅበር ነበር። መማሪያው መጽሐፍ አስቀድሞ ታትሞ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማመልከቻና ደብዳቤ ባስጻፈና ባስነበበ ቁጥር የሰው እጅ ማየት የመረረው ሕዝብ ነበር። እነዚህ ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ ቀን በጉልበት ሥራ የዋለው ሰው ማታ ከልጁ እኩያ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደል ቆጠረ።

የዘመቻው ድል እውነት የመሆኑን ያህል ድካሙም እውነት ነው። ፊደል የቆጠረው ሰው በማግሥቱ የሚያነበው ነገር ያስፈልገው ነበር። የንባብ ክፍሎች በየሥፍራው ተቋቁመዋል፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ መጽሐፉ ጥቂት፣ የሚያነበው ሰው ግን ብዙ ነበር። በዚህም ምክንያት የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት መካከል ጥቂት የማይባሉት ከዓመታት በኋላ ፊደሉ ጠፍቷቸው ወደ ጣት አሻራ ተመለሱ። ጥፋቱን በተማሪው ስንፍና ማሳበብ አይገባም፤ አዝመራው ታጭዶ ጎተራው ሳይሠራ ቀርቷልና። የዘመቻውን ዙር በትጋት የመራው ኮሚቴ ከዙሩ በኋላ ለሚመጣው ወር ተጠሪ የሚሆን አንድ ሰው በየቀበሌው ቢመድብ ኖሮ ስንቱ እናት ዛሬም ስሟን በጻፈች ነበር!

የወቅቱ ፍሬ እንዳይጠፋ ወቅቱ ሳያልፍ መመዝገብም አለበት። በዚህ ረገድ እዚያው ስሜን ላይ የሠሩ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ከመመሥረቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 የዌልስ ተወላጁ ክላይቭ ኒኮል በኃላፊነት ሠርቶ ነበር። ቆይታው ሁለት ዓመት ብቻ ቢሆንም ያየውንና የታገለበትን በመጽሐፍ አሳትሞ አልፏል። ከእርሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በዚያው ኃላፊነት ላይ ሳለ የፓርኩን ጥበቃ እየመራ በጅንባር ሸለቆ ከየተዳፋቱ የሚታጠበውን አፈር ያጠና ነበር። ጦርነቱ ተራራውን ሲያዳርሰው ሥራው ተቋረጠ። ጥናቱ ግን በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት በእርሱ መሪነት ሲጀመር ከስሜን የተገኘው ዕውቀት አብሮ ተሻገረ። ከሁለቱ ሰዎች ይልቅ ተራራውን የሚያውቁት የአካባቢው ዘበኞችና ገበሬዎች ነበሩ። የእነርሱ ዕውቀት ግን ባለመጻፉ አብዛኛው ከእነርሱ ጋር ወደ መቃብር ወረደ። ይህ የሚያስቆጭ ብቻ ሳይሆን የማንበብና የመጻፍን ጉዳይ ከምርት ጉዳይ ለይቶ ማየት እንደማይቻል የሚያረጋግጥ ነው።

የአፈር ነገር ከተነሣ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በብዙ ደጋማ አውራጃዎች በእህል ለሥራ መርሐ ግብር የተሠራው እርከን ከ1982 ዓ.ም. በኋላ በየቦታው መፍረሱ ይታወሳል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታትም በአማራ ክልል ሕዝቡ በጥርና በየካቲት እየወጣ በነፃ ጉልበቱ እርከን ሲሠራ ታይቷል። በድንጋይ ተሸካሚው ብዛት የተመዘገበው ውጤት ለሪፖርት ያማረ ነው። የሚመዝነው ግን በሰኔ የመጀመሪያው ጎርፍ ሲመጣ የተናደውን ድንጋይ መልሶ የሚክብ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው።

ፍሬያማው ወቅት ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሊዘጋ እንደሚችልም የደባርቅ ሕዝብ በራሱ ኑሮ አይቶታል። ዝናቡ ካቆመበት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ለመንገድ መሪው፣ ለበቅሎ አከራዩ፣ ለምግብ አብሳዩና ለጥበቃው የእንጀራ ወቅት ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ መጣና ጎብኚው ቀረ። በዚያው 2013 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃ ላይ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ ጨና ድረስ ዘልቆ የሰላማዊ ገበሬዎችን ሕይወት ቀጠፈ። እንዲህ ያለውን መከራ በሥራ ዕቅድ ማስቀረት ይቻላል ብሎ የሚናገር ሰው ካለ ያፌዛል። ሊባል የሚቻለው ይህ ብቻ ነው፦ በመልካሙ ዓመት ቋንቋ የተማረ፣ ሁለተኛ ሙያ የያዘ ወይም ከማኅበሩ ጋር ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ወቅቱ ሲዘጋበት ባዶ እጁን አይቀርም።

የቀበሌ ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች! በየአካባቢያችን ፍሬያማውን ወቅት ከሚበሉት ነገሮች መካከል ቀዳሚው ስንፍና አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ስብሰባ ነው። ሙያተኛዋ ሸማኔ፣ አዲስ ምድጃ የሚሞክረው ወጣት ብረት ሠሪ ወይም የክፍሉን አሠራር ለማሻሻል የተነሣው ሠራተኛ ሥራው በተቃናለት ሳምንት በአምስት ኮሚቴ ይመረጣል። ጎበዝ ነውና ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሁሉም ሲፈልገው ደግሞ የተጎበዘበት ሥራ ይቆማል። ሰውን እንዲህ ማክበር እርሱን ከሥራው መንጠቅ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። በሌላ በኩል፣ ሥራው ተቃንቶልኛል ብሎ ሌሊቱን ከቀኑ የሚያቀጣጥል ሰውም የሚመሰገን አይደለም። በሬ እንኳ በእርሻው ትኩስ ወቅት ቀንበሩ የሚወርድለት ሰዓት አለው፤ የማይወርድለት በሬ የሚቀጥለውን ዓመት አያርስም።

ስለዚህ መኸሩ ገብቶ ጥር ከመድረሱ በፊት በየቀበሌውና በየሥራ ቦታው በሚደረገው ውይይት ዐሥር ዕቅድ ከማጽደቅ ይልቅ ሊፈጸም የሚችል አንድ ሥራ ይመረጥ። ምንጩን ማጎልበት ይሁን፣ የንባብ ቤቱን ጣሪያ መክደን ይሁን፣ በየቤቱ ምርጡን ዘር ለይቶ ማስቀመጥ ይሁን፣ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። መሣሪያው በታኅሣሥ ይሰብሰብ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በሥራው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ ሌላ ኮሚቴ አይጠሩ። በየቀኑ የተሠራውና የተበላሸው በደብተር ይጻፍ፤ ጸሐፊውም ከወጣቶቹ መካከል ይሁን። ውይይቱ ከመበተኑ በፊት ደግሞ በሰኔ ማን እየዞረ እንደሚመለከተው ስሙ በቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።