መሣሪያው ይሰብሰብ፤ ሚዛኑ ግን አንድ ይሁን





ሰሞኑን ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በየመስጊዱ ደጃፍ የሚወራው አንድ ወሬ ነው፦ መሣሪያ። ማን ገዛ፣ ማን አስረከበ፣ ማን ተነጠቀ፣ ክላሽ ስንት ገባ። በማክሰኝትና በዙሪያዋ ቀበሌዎች በሬ ሸጦ ጠመንጃ መግዛት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር፣ አሁን በሬውን የሚሸጡት ከአባት ከአያታቸው ጀምሮ ጠመንጃ ይዘው የማያውቁ ቤተሰቦች መሆናቸው ነው። ከነዚህም መካከል ልጆቻቸው እኛ ዘንድ የሚቀሩ አሉ። ስለዚህ እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች ዝም ማለት አልቻልንም።

የጎንደር ሙስሊም ከጠመንጃ ጋር ያለው ታሪክ ከጎረቤቱ ይለያል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ጊዜ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በቀሃ ወንዝ በኩል እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ርስትም አልነበረንም። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በዚህ አገር ጠመንጃና መሬት አብረው ይሄዱ ነበር፤ ርስት ያለው ዘመቻ ይጠራል፣ ዘመቻ የሚጠራ ምንሽሩን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። አያቶቻችን የሚታወቁት በሽመናና በንግድ፣ በመወርወሪያና በሚዛን ነበር። ስለዚህ «ጠመንጃ የሕዝባችን ባህል ነው» የሚል ንግግር ስንሰማ፣ ከዚያ ባህል ውስጥ የኛ ድርሻ ምን ያህል እንደነበር ቢታወስ ደስ ይለናል።

ታዲያ ዛሬ ልጆቻችን ለምን መግዛት ጀመሩ? መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014፣ በረመዳን፣ በጎንደር ከተማ የታላቅ ሸይኽ ጀናዛ ለመቅበር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ተፈጸመ። የአማራ ክልል እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት በማግሥቱ ከ20 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ተናገረ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽነር የነበሩት ሚሼል ባችሌት ደግሞ ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከ100 በላይ መቁሰላቸውን ገለጹ። መስጊዶች ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። ለጀናዛ የወጣ ሰው ጥይት ጠበቀው። ይህን ያየ ወጣት «ያኔ መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ» ቢል አንፈርድበትም።

ግን ቁጭ ብለን እናስላው። አንድ ክላሽ በቤቱ ያስቀመጠ የሸማኔ ልጅ በዚያ ቀን ምን ያደርግ ነበር? ይተኩስ ነበር። ያኔ የተገደሉት ተገዳዮች መባላቸው ቀርቶ «ተታኳሾች» ይባሉ ነበር፤ ጥቃቱም «ግጭት» የሚል ስም ለማግኘት ምክንያት አያጣም ነበር። ያለ ምክንያትም እንዲሁ ብለውታል፤ ምክንያት ብንሰጣቸውማ! በሌላ በኩል መሣሪያ ያለበት ቤት መታወቁ አይቀርም። ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ጠመንጃ ያለው ሰው በሌሊት በሁለት ወገን ይንኳኳበታል፦ አንዱ ሊነጥቀው፣ ሌላው ከነመሣሪያው ሊያስከትተው። ቤቱን ሊጠብቅበት የገዛው ዕቃ ከቤቱ ያስወጣዋል። በሬውም ሄዷል፣ እርሻውም ጾም አድሯል።

ደግሞም አንርሳ። ከጎንደሩ ጥቃት ቀጥሎ ባሉት ቀናት በስልጤ ዞን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ በጎንደሩ ነገር እጃቸው የሌለበት ክርስቲያኖች ተገድለዋል። ያንን ያደረጉት በኛ ስም ነው። በቁጣ ቀን ክብሪት ይዘው ያን ያህል ካጠፉ፣ ክላሽ ቢይዙ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ እናስብ።

ዲናችንም በዚህ ላይ ዝም አላለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመስጊድ ወይም በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ልብ በሉ፦ መስጊድና ገበያ፣ ማለትም ሰው የሚሰበሰብበት። ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላም ሙስሊሞች በዓመቱ መካ የገቡት ሰይፋቸውን በአፎቱ አድርገው ነበር፤ ስምምነቱ እንደዚያ ይል ስለነበር። ነገር ግን ያ ስምምነት የሁለት ወገን ነበር። ቁረይሾችም ከተማዋን ለሦስት ቀን ለቀውላቸዋል።

መንግሥት የረሳው ይህን ሁለተኛውን ወገን ይመስለናል። ሕግማ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ይህን አንቃወምም። ግን አዋጁ በወጣ በዓመቱ ጦርነት ገባ፣ ያን ጊዜም ሕዝቡ ያለውን መሣሪያ ይዞ እንዲዘምት ራሱ መንግሥት ጠራው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ሰላም ተፈረመ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2015፣ የክልል ልዩ ኃይሎች ይፍረሱ ተባለ፣ ብዙዎች ከነመሣሪያቸው ወጥተው ጠፉ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ትናንት «ይዘህ ና» የተባለ ገበሬ ዛሬ «አምጣ» ሲባል ቢያመነታ ምን ይገርማል? በ2016 ማብቂያ ጎንደር ላይ የሁለት ዓመት ሕፃን በአጋቾች እጅ ስትሞት ሕዝቡ አደባባይ የወጣው «ጠብቁን» ብሎ ነበር። ሳይጠብቁ መሰብሰብ፣ ያስረከበውን ላላስረከበው አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። መሣሪያ ይሰብሰብ፣ ግን የአንዱ ሰፈር ተበርብሮ የጎረቤቱ አይለፍ። ሲረከቡ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ለባለቤቱ ይሰጠው፤ ዛሬ የተወሰደ ጠመንጃ ነገ በሌላ ትከሻ ላይ ሲታይ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቅ። ርክክቡም የሀገር ሽማግሌ፣ ኢማምና ቄስ ባሉበት በቀን ይሁን እንጂ በሌሊት በር እየተሰበረ አይሁን። የሚያዝያ 18 ተጠያቂዎች ጉዳይም በግልጽ ይነገረን፤ ይህ ሳይሆን ወጣቱን «መሣሪያ አትግዛ» ማለት ለኛ ለአስተማሪዎች ከባድ ነው። ቢከብድም ግን እያልን ነው።

በሌላ አገር ተሞክሯል። በሞዛምቢክ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ፣ የአብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት መሣሪያ ላመጣ ሰው መቆፈሪያ፣ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና ይሰጥ ነበር። ሰዉ ለወታደር የማያስረክበውን ለሃይማኖት ሰው አስረከበ። የዑለማ ከተማ በሆነችው በቲምቡክቱም እ.ኤ.አ. በማርች 1996 ወደ 3,000 የሚጠጋ መሣሪያ በአደባባይ ተቃጥሏል። ሐውልትም ቆሞለታል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊቢያ የተበተነ መሣሪያ ደርሶ ያችው ከተማ በታጣቂዎች እጅ ወደቀች፣ የአውሊያዎቿ መቃብሮች ፈረሱ። እሳቱ ትናንት የነበረውን አቃጠለ፤ ነገ የሚገባውን ግን የጠበቀ አልነበረም። ይህንን ድንበር ለሚጠብቁት እንተውላቸው።

የኛ ድርሻ ወደኛው ደጃፍ ነው። በ2004 የአወሊያ ጥያቄ ሲነሳ በየጁሙዓው የወጣው ሕዝብ እጁ ባዶ ነበር፤ ኮሚቴዎቻችን ሲታሰሩም ባዶ እጁን ቆመ። ያንን ያየ ትውልድ ዛሬ አባት ሆኗል፣ ለልጆቹ ይንገራቸው። እስከዚያው የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን ሦስት ነገር በዚህ ወር መጀመር ይችላሉ። መሣሪያ ይዞ ወደ መስጊድ ግቢና ወደ ጀናዛ መምጣት ይቅር፤ ጠባቂ የሚያስፈልግ ከሆነ በኮሚቴው ስም ከፖሊስ በጽሑፍ ይጠየቅ። በኒካሕ ላይ ተኩስ ይቁም፤ የሚተኩስ ካለ ኢማሙ ኒካሕ አያስር። ሦስተኛው፣ ከላይ የዘረዘርነውን ጥያቄ በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ ከሁለቱም እምነት ሽማግሌዎች ጋር ተፈራርመን ለወረዳው እናስገባለን። ወረቀቱን የያዙት በየመስጊዳችሁ የሚያስተምሩት ኡስታዞች ናቸው፤ ከሰላት በኋላ ጠይቋቸው።